የተሰነጠቀ ቦክስ ጊታር፦ ላሠራው ወይስ ይቅርብኝ?

ማራኪ ሰፈር፦

ሰላም ለሁላችሁ። ያለሁት ጎንደር ነው፣ ማራኪ አካባቢ። ስለ ጊታር የምታውቁ ካላችሁ እባካችሁ ምከሩኝ።

ወንድምጋሼ ወደ ውጭ ሲሄድ ቦክስ ጊታሩን ለኔ ትቶልኝ ነው የሄደው። ያማሃ ኤፍ 310 ነው፣ እሱም ያገለገለ ነው የገዛው። ባለፈው ሳምንት ከባሕር ዳር ስመለስ መኪናው ሞልቶ ስለነበር ረዳቱ ፖርቶ መጋላ ላይ ጫነው። ቦርሳው ደግሞ ስስ ጨርቅ ነው። ቤት ገብቼ ስከፍተው አንገቱ ከጭንቅላቱ ጋር የሚገናኝበት ቦታ፣ መቃኛዎቹ ከመጀመራቸው በፊት ማለቴ ነው፣ ከጀርባው ተሰንጥቋል። አልተገነጠለም፣ ግን ጭንቅላቱን ስነካው ስንጥቁ ይከፈትና ይዘጋል። በዚያ ላይ ክሮቹ የሚታሰሩበት ብሪጅ ከኋላው ትንሽ ተነስቷል፣ ይሄ ግን ከድሮም የነበረ ይመስለኛል። ጎኑም ተጭሯል።

አንድ የቤት ዕቃ የሚሠራ ሰው ጋ ወስጄው 4,000 ብር ጠየቀኝ። እንዴት እንደሚሠራው ስጠይቀው "ብሎን አስገብቼ አጠብቅልሻለሁ" አለኝ። ፈራሁና ይዤው ተመለስኩ። ጓደኛዬ ደግሞ ሱፐር ግሉ አድርጊበት ትለኛለች። አዲስ ለመግዛት አሁን አቅሙ የለኝም፣ ብሩን አውጥቼ መልሶ ከተሰበረ ደግሞ ከሁለት ያጣሁ ልሆን ነው። እውነቱን ንገሩኝ። አያዋጣም ከሆነ አያዋጣም በሉኝ።

ክራርና ጊታር፦

እህቴ፣ ከሁሉም በፊት ክሮቹን አላልተሻቸዋል? ካልሆነ ይሄን አንብበሽ ሳትጨርሺ ሄደሽ ፍቻቸው። ስድስቱ የብረት ክሮች ሲቃኙ በድምሩ ወደ 70 ኪሎ ይስባሉ። አንድ ትልቅ ሰው ስንጥቁ ላይ ተንጠልጥሎ እንደ መዋል ነው።

የተሰነጠቀበት ቦታ በጣም የተለመደ ነው። አንገቱ እዚያ ጋ ቀጭን ነው፣ ውስጡ ደግሞ አንገቱን ቀጥ አድርጎ የሚይዘው ብረት የሚገባበት ቦይ ስላለ የቀረው እንጨት ትንሽ ነው፣ ጭንቅላቱም ወደ ኋላ ስላዘነበለ በጀርባው ከወደቀ ወይም ዕቃ ከተጫነበት መጀመሪያ የሚጎዳው እሱ ነው። ያዋጣል አያዋጣም የሚለውን የሚወስነው የስንጥቁ አቅጣጫ ነው። የእንጨቱን ጅማት ተከትሎ ረዘም ብሎ ከሄደ ኮላ የሚይዝበት ሰፊ ቦታ አለ፣ በደንብ ከተጣበቀ ዓመታት ይቆይልሻል። ጅማቱን ቆርጦ እንደ ሸንኮራ ቀጭ ካለ ግን ኮላ ብቻውን አይችለውም። ከጀርባው ሌላ እንጨት ተቀርጾ መግባት አለበት፣ የዚያ ዋጋ ደግሞ ኤፍ 310 ራሱ ከሚያወጣው በላይ ነው።

ብሪጁን በወረቀት ፈትሺው። ስስ ወረቀት ከኋላው በኩል ከሥሩ አስገቢ። ሁለት ሦስት ሚሊ ሜትር ብቻ ከገባ ለጊዜው ተዪው፣ ግማሽ ድረስ ከሄደ ግን ተነቅሎ፣ የድሮው ኮላ ተፍቆ እንደገና መለጠፍ አለበት። ከዚያ ሳጥኑን በጣትሽ አንጓ ዙሪያውን እያንኳኳሽ አዳምጪ። የሚንቀጫቀጭ ድምፅ ካለ ውስጥ ካሉት ደጋፊ እንጨቶች አንዱ ለቋል ማለት ነው።

ለጎኑ ጭረት አትጨነቂ። የዚህ ሞዴል ሳጥን እንደ ኮምፔንሳቶ በስስ ንብርብር የተሠራ ነው፣ የድምፅ ቀዳዳውን ጠርዝ ጠጋ ብለሽ ካየሽው ንብርብሩ ይታይሻል። እንደ ሙሉ ጣውላ በበጋው ድርቀት እየተሰነጠቀ አይሄድም።

ቀበሌ 18፦

እኔ ከልቤ የምመክርሽ ተዪው ብዬ ነው። የኔም እዚያው ቦታ ላይ ነው የተሰነጠቀው። ሱፐር ግሉ አደረግኩበት፣ በደቂቃ ያዘ፣ በጣም ደስ አለኝ። ወር ሳይሞላው ግድግዳ ላይ እንደተሰቀለ፣ ማንም ሳይነካው ማታ ጧ ብሎ ለቀቀ። ከዚያ ሰው ጋ ወስጄ ከፍዬ በእንጨት ኮላ አሠራሁት፣ እሱም አልያዘም። ሁለት ጊዜ ከሰርኩ። ብሩን አጠራቅሚና ያገለገለ ፈልጊ፣ የዩኒቨርሲቲ ልጆች ትምህርት ጨርሰው ሲወጡ የሚሸጡት አይጠፋም።

አናጢው ከአዘዞ፦

ወንድሜ ቀበሌ 18፣ የደረሰብህ ያሳዝናል፣ ግን ሁለተኛው ያልያዘው በመጀመሪያው ምክንያት ይመስለኛል። ኮላ የሚይዘው እንጨቱ ውስጥ ሰርጎ ነው፣ ሱፐር ግሉ ገብቶ የደረቀበት እንጨት ደግሞ ስለሚደፈን ሌላ ኮላ አይጠጣም። እሱ ራሱም ሲደርቅ እንደ ብርጭቆ ነው፣ ቀን ከሌት የሚስበውን ነገር ተለጥጦ አይችልም። ስለዚህ እህቴ፣ ጓደኛሽን እሺ እንዳትያት። አንዴ ከገባ በኋላ ለማንም ጠጋኝ አስቸጋሪ ነው።

እኔ ጊታር አልጫወትም፣ አናጢ ነኝ። ክራርና ማሲንቆ ግን ብዙ ጠግኛለሁ። አዝማሪ ማሲንቆው ስለተሰነጠቀ አይጥለውም፣ ያሠራዋል። ክራር ላይ ያለው ጉልበት ግን ከብረት ክር ጋር አይወዳደርም፣ ስለዚህ ክራር የሚሠራ ሁሉ ጊታር ይችላል ብለሽ ዝም ብለሽ አትስጪ፣ መጀመሪያ እንዴት እንደሚሠራው ጠይቂው። ብሎን ያለሽ ሰው ጋ አትመለሺ። እንደዚያ ቀጭን የሆነ እንጨት ላይ ብሎን ሲገባ ሌላ ስንጥቅ ይከፍታል፣ አንገቱ ውስጥ ያለውን ብረትም ሊነካው ይችላል።

እኔ ብሆን ክሩን ሙሉ በሙሉ አወጣና ጭንቅላቱን ወደ ክሩ በኩል ቀስ ብዬ ሳብ ሳደርገው ስንጥቁ ሲከፈት አቧራውን እፍ ብዬ አስወጣለሁ። የአናጢውን ኮላ በሲሪንጅ እስከ ታች ድረስ አስገብቼ፣ በደንብ እንዲጠጣ ደጋግሜ ከፈት ዘጋ አደርገዋለሁ። ከዚያ ከላይና ከታች ስስ ጣውላ አድርጌ በሞርሳ ማጥበቅ ነው። ሞርሳ ከሌለ የብስክሌት ከመነዳሪ እንደ ገመድ ቆርጦ ጥብቅ አድርጎ መጠምጠም ይበቃል፣ ጎማው ዙሪያውን እኩል ይጫነዋል። የተረፈውን ኮላ ሳይደርቅ በእርጥብ ጨርቅ ጠርጎ ለ24 ሰዓት አለመንካት። ይሄ የግማሽ ቀን ሥራ እንኳን አይሆንም። 4,000 ብር ይበዛል።

ክራርና ጊታር፦

አናጢው ያለው ሁሉ ልክ ነው። አንድ ነገር ልጨምር። ከመሰበሩ በፊት ስትጫወቺው ክሩ ከፍ ብሎ ጣትሽን ያሳምምሽ ነበር? 12ኛው ፍሬት ላይ፣ አንገቱ ላይ ከተደረደሩት አግዳሚ ብረቶች አሥራ ሁለተኛው ማለቴ ነው፣ በክሩና በፍሬቱ መካከል ያለው ክፍተት ሁለት ተኩል፣ ሦስት ሚሊ ሜትር ከነበረ ጥሩ ነው። አምስት የሚደርስ ከነበረ ግን አንገቱ ከሳጥኑ ጋር የሚገናኝበት ማዕዘን ተበላሽቶ ሊሆን ይችላል፣ እሱን ማስተካከል ከባድ ሥራ ስለሆነ ያኔ የቀበሌ 18ን ምክር ብትሰሚ ይሻላል። ከተሠራ በኋላም 012 ሳይሆን 010 የሚባለውን ክር ግዢ፣ ቁጥሩ የክሩ ውፍረት ነው። ቀጠን ስለሚል የሚስበው ይቀንሳል፣ ብሪጁንም ያሳርፈዋል።

ማራኪ ሰፈር፦

በጣም ነው የማመሰግነው ሁላችሁንም። ክሩን አውጥቼዋለሁ። ሳላላላው አምስት ቀን መቆየቱ ግን አሳዘነኝ፣ ማንም አልነገረኝም ነበር።

ስንጥቁን ለካሁት፣ ወደ ሰባት ሴንቲ ሜትር ነው፣ ጅማቱን ተከትሎ ነው የሄደው። ወረቀቱ ሦስት ሚሊ እንኳን አልገባም። ንብርብሩንም አየሁት። ክሩ ደግሞ ዝቅ ያለ ነበር፣ ወንድምጋሼ ማታ ማታ ሲያስተምረኝ እንኳን ጣቴን አላመመኝም። ግን ከብሪጁ ዝቅ ብዬ ሳንኳኳ ይንቀጫቀጫል። ስልኬን በቀዳዳው አስገብቼ ቪዲዮ ስቀርጽ አንዱ ደጋፊ እንጨት በአንድ ጫፉ ለቋል። ይሄስ ያሳስባል? ካልሆነ ላሠራው ወስኛለሁ። አናጢው፣ አዘዞ ድረስ ባመጣው ትሠራልኛለህ?

አናጢው ከአዘዞ፦

አምጪው። ጫፉ ብቻ ከለቀቀ ትንሽ ነገር ነው፣ ኮላ ገብቶ ከሥሩ በቀጭን እንጨት ተደግፎ ያድራል። ብሪጁን አንነካውም።

በታክሲ ስትመጪ ጭንሽ ላይ አድርገሽ ያዢው፣ ላይ እንዳታስጭኚው። ጭንቅላቱ እንዳይንቀሳቀስ በሻሽ እሰሪው። ቦርሳው ውስጥም ፈልጊ፣ የተሰነጠረች ቁራጭ ካገኘሽ በወረቀት ጠቅልለሽ ይዘሻት ነይ፣ የጥፍር ታህል ብትሆን እንኳን ቦታዋ ላይ መመለስ አለባት።