የሰር ሐንስ ስሎን ሐውልት መዛወሩ ተገቢ ነበርን?

የታሪክ መምህርት፣ ከባሕር ዳር፦

ለውይይት የማቀርበው የለንደኑ የብሪታንያ ሙዚየም በ2020 የወሰደውን እርምጃ ነው፤ ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር እጠቅሳለሁ። በዚያ ዓመት በጁን ወር የብሪስቶል ሰልፈኞች የባሪያ ነጋዴውን የኤድዋርድ ኮልስተንን ሐውልት ገርስሰው ወደቡ ውስጥ ጣሉት። በኦገስት ደግሞ ሙዚየሙ የስብስቡ መነሻ የሆነውን የሰር ሐንስ ስሎንን ከሸክላ የተሠራ የግማሽ አካል ሐውልት ከመቆሚያው አንሥቶ በመስታወት ሣጥን ውስጥ አኖረው፤ ሰውየው ዕቃ ሰብሳቢም የባሪያ ባለቤትም እንደነበረ የሚገልጽ ጽሑፍም ከጎኑ አደረገ። ከፊሉ ሰው ይህን ታሪክን መሰረዝ ነው ብሎ አወገዘው፤ ከፊሉ ደግሞ የዘገየ እውነት ነው ብሎ ተቀበለው።

ስሎን በ1660 በአየርላንድ የተወለደ ሐኪም ነበር። በ1687 የጃማይካ አገረ ገዥ ሆኖ የተሾመውን የአልቤማርል መስፍን በግል ሐኪምነት ተከትሎ ወደ ደሴቲቱ ሄደ። እንግሊዞች ጃማይካን ከስፔን እጅ ከወሰዱ ገና 32 ዓመታቸው ሲሆን፣ የሸንኮራ አገዳው እርሻም ከአፍሪካ በባርነት በተጋዙ ሰዎች ጉልበት እየተስፋፋ ነበር። መስፍኑ ብዙም ሳይቆይ ስለ ሞተ ስሎን በ1689 ወደ ለንደን ተመለሰ፤ ሲመለስ ግን ወደ 800 የሚጠጋ የዕፅዋት ናሙና ይዞ ነበር። በ1695 በጃማይካ የእርሻ ባለቤት የነበረ ሰው የተወላትን መበለት አገባ፤ በእርስዋም በኩል የእርሻው ትርፍ ሲሶ ይደርሰው ጀመር። በ1753 ሲሞት ከ71 ሺህ በላይ ዕቃዎችን ትቶ፣ ለሁለት ሴት ልጆቹ 20 ሺህ ፓውንድ ተከፍሎ ስብስቡ ለሕዝብ እንዲሆን ተናዘዘ። ፓርላማው ገንዘቡን በሎተሪ አሰባስቦ ኑዛዜውን ፈጸመ፤ ሙዚየሙም በ1759 ተከፈተ።

እኔ መዛወሩን እደግፋለሁ፤ ሆኖም የሕዝቡ ክርክር በገንዘቡ ላይ ብቻ በመቆሙ ቅር ይለኛል። ስሎን ስለ ዕፅዋቱ አውሮፓውያንን፣ የአሜሪካን ቀደምት ነዋሪዎችንና ጥቁሮችን ይጠይቅ እንደነበር ራሱ ጽፏል። ባሪያዎቹ ከጌታው ሥራ በተረፈቻቸው ሰዓት ለራሳቸው ቀለብ የሚያርሷት ቁራሽ መሬት ነበረቻቸው፤ ከአፍሪካ የተሻገሩት ማሽላና ባሚያ በዚያች መሬት ላይ ይበቅሉ ነበር። ምን መቼ እንደሚዘራ፣ የትኛው ቅጠል ለምን እንደሚበጅ በእጃቸው ሠርተው የሚያውቁ ሰዎች ነበሩ ማለት ነው። ዛሬ የስሎን የደረቁ ዕፅዋት በ265 ጥራዞች ታስረው በለንደን የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም ይገኛሉ፤ በየገጹ የተለጠፈውን ቅጠል ያሳየው ሰው ማን እንደሆነ ግን አንባቢው አያገኝም። ስለዚህ የሐውልቱ ጉዳይ የአንድ ሰው ክብር ጉዳይ ብቻ ሳይሆን ሳይንስ ይባል የነበረው ሥራ በማን እውቀት እንደ ተሠራ የመመስከር ጉዳይ ነው።

ሐኪም፣ ከለንደን፦

መምህርት፣ ጉዳዩን በሚዛን ስላቀረቡት አመሰግናለሁ፤ በድምዳሜዎ ግን አልስማማም። ስብስቡ በባርነት ገንዘብ ተገዛ የሚለው አነጋገር ሰውየው ከሕክምና ያገኘውን ከፍተኛ ገቢ ይዘነጋል። ስሎን የንግሥት አንን፣ ከእርስዋም በኋላ የሁለት ነገሥታትን ጤና የጠበቀ፣ በለንደን ስመ ጥር የሆነ ሐኪም ነበር። ከኒውተን ቀጥሎ በ1727 የሮያል ሶሳይቲ የተባለው የእንግሊዝ የሳይንስ ማኅበር ፕሬዚዳንት የሆነውም የስኳር ሀብት ስለ ነበረው አይደለም። የቼልሲን የመድኃኒት ዕፅዋት አትክልት ቦታ በዓመት 5 ፓውንድ ብቻ እየተከፈለ ለዘለቄታው የመድኃኒት ቀማሚዎች መማሪያ እንዲሆን የሰጠ እርሱ ነው። የፈንጣጣ ክትባት ገና ሕዝቡን በሚያስፈራበት ጊዜ ድጋፉን የሰጠ እርሱ ነው። ያን ሁሉ ስብስብ ለአንድ መኳንንት ሸጦ በቤተ መንግሥት ከማስቆለፍ ይልቅ ለሕዝብ እንዲከፈት የተናዘዘ ሰው በራሱ ቤት ከመቆሚያው መውረዱ ተገቢ አይመስለኝም። የባርነት ታሪኩ ይጻፍ፤ በግልጽና በትልቁ ይጻፍ። ነገር ግን ሐውልቱ በቦታው እንዳለ መጻፍ ይቻል ነበር፤ በሰልፍ ግፊት የተወሰደ እርምጃ የምሁር ውሳኔ አይሆንም።

የሥነ ልሳን ተማሪ፣ ከጀርመን፦

ዶክተር፣ የሰውየውን በጎ ሥራ መዘርዘርዎ ትክክል ነው። ይሁን እንጂ ይኸው ሐኪም በ1707 ባሳተመው የጉዞ መጽሐፉ መግቢያ በባሪያዎች ላይ የሚፈጸመውን ቅጣት፣ በእሳት ማቃጠሉንና አካል መቁረጡን ጭምር፣ የበሽታ ምልክት እንደሚመዘግብ ሰው በተረጋጋ ቃል ይዘረዝራል፤ ቅጣቱ ጭካኔ ቢመስልም አንዳንድ ጊዜ የሚገባቸው ነው ብሎም ይፈርዳል። ይህን የጻፈው ነገሩን ከሩቅ የሰማ ሰው ሳይሆን በቦታው የነበረ ሐኪም ነው።

በዚያው መጽሐፍ ደግሞ ሌላ አስደናቂ ነገር አለ። ስሎን ባሪያዎቹ በበዓላቸው ሲዘፍኑና ሲጨፍሩ በተገኘበት ወቅት ባፕቲስት የሚባል ሙዚቀኛ ዜማቸውን በኖታ እንዲጽፍለት ጠይቆ፣ አንጎላ፣ ፓፓና ኮሮማንቲ በሚሉ ርእሶች አትሞታል። የሙዚቀኛው ስም ተጽፏል፤ የዘፋኞቹ አልተጻፈም። ስለዚህ የዘመኑ ልማድ ስም አያስጽፍም ነበር የሚለው ምክንያት አያስኬድም፤ ስም የሚጻፍለትና የማይጻፍለት ሰው ተለይቶ ነበር። በእኛው ታሪክ እንኳ ማስረጃ አለ። ጀርመናዊው ምሁር ሂዮብ ሉዶልፍ ግእዝና አማርኛ ያስተማሩትን አባ ጎርጎርዮስን በመጽሐፎቹ በስም እየጠራ አመስግኗል፤ በ1691 ባሳተመው ማብራሪያ ምስላቸውን ጭምር አስገብቷል። አባ ጎርጎርዮስ በ1652 በመስፍን ኧርነስት ጥሪ ወደ ጀርመኗ ጎታ ከተማ መጥተው ከሉዶልፍ ጋር የሠሩ ሲሆን፣ ስሎን ወደ ጃማይካ የሄደው ከዚያ 35 ዓመት ቆይቶ ነው።

የታሪክ መምህርት፦

ወንድሜ፣ የባፕቲስትን ነገር ማንሣትህ ክርክሩን በጣም ያጠናክረዋል፤ የአባ ጎርጎርዮስ ንጽጽር ግን እንዳያሳስተን እሰጋለሁ። እርሳቸው በነፃነታቸው የሄዱ፣ በመስፍን እንግድነት የተቀበሏቸው የቤተ ክርስቲያን ሊቅ ነበሩ፤ ሲፈልጉም ጉዞ ጀምረዋል፣ በ1658 በመርከብ አደጋ ያረፉትም በጉዞ ላይ ሳሉ ነው። በጃማይካ የነበረው ባሪያ ግን ለሐኪሙ ጥያቄ አልመልስም የማለት መብት አልነበረውም። ስሙ ቢጻፍ እንኳ ፈቃዱ አይገኝም ነበር። እኔን የሚያሳስበኝ ከስም ማጣት በፊት ይህ ነው።

ከበሮ ሠሪ፣ ከጎንደር፦

እኔ በመጽሐፍ ከእናንተ ጋር አልወዳደርም፤ ስለ አንድ ዕቃ ግን ሙያዬ ያናግረኛል። በስሎን ስብስብ ውስጥ ከቨርጂኒያ የመጣ ከበሮ አለ። ቁመቱ ወደ 40 ሳንቲሜትር ይሆናል፤ በዛሬዋ ጋና ያሉት የአካን ሕዝቦች ሥራ መሆኑ ታውቋል። ፎቶግራፉን በደንብ አይቸዋለሁ። ዙሪያውን የተቀረጸው መስመር የተዋጣ እጅ ሥራ ነው፤ ቆዳው እንደ እኛ ከበሮ በጠፍር ከላይ እስከ ታች ተጠልፎ የታሰረ ሳይሆን፣ ከአፉ ዝቅ ብሎ በተተከሉ የእንጨት ካስማዎች ተወጥሮ የተያዘ ነው። ድምፁ ሲላላ ካስማውን መታ መታ አድርጎ ማጥበቅ ይቻላል። እንጨቱን የመረመሩ ባለሙያዎች ግንዱ ከዋንዛ ወገን እንደሆነ አረጋግጠዋል። እኛም ከበሮ የምንቦረቡረው ከዋንዛ ነው፤ ሲጠረብ ለመሣሪያ ይታዘዛል፣ ሲደርቅም በቀላሉ አይሰነጠቅም።

የሚገርመው የስሎን መዝገብ ነው። መዝገቡ ከበሮውን የአሜሪካ ኢንዲያኖች ከበሮ ብሎ ጻፈው፤ ስሕተቱም ረጅም ዘመን ቆየ። የተወጠረበት ቆዳ ደግሞ የአጋዘን ቆዳ ሲሆን፣ ከሰሜን አሜሪካ የተገኘ ነው ይባላል። እንዲህ ከሆነ ከበሮው ባሕር ከተሻገረ በኋላ አንድ ሰው አዲስ ቆዳ ዘፍዝፎ፣ ጠጉሩን ፍቆ፣ በልኩ ወጥሮለታል ማለት ነው። ያልለመዱትን እንስሳ ቆዳ መወጠር ቀላል ሥራ አይደለም፤ ውፍረቱን በጣት እየዳሰሱ መለየት ይጠይቃል። ያን ሰው ይህ ምንድን ነው፣ ከየት መጣ ብሎ የጠየቀው ቢኖር መዝገቡ አይሳሳትም ነበር። ቅኝ ግዛቱ የሰውየውን ጉልበት ብቻ ሳይሆን ሙያውንም ወሰደ፤ ሙያው ግን የሌላ ሕዝብ ሆኖ ተመዘገበ።

ሐኪም፣ ከለንደን፦

የርስዎ ማብራሪያ ከሁላችንም ይልቅ ነገሩን አቅርቦልኛል። ነገር ግን አንድ ጥያቄ ልመልስልዎ። ያን ከበሮ ስሎን ባይሰበስበው ኖሮ እንጨቱን ማን ይመረምረው ነበር? በ1740 ሳውዝ ካሮላይና ከባሪያዎች ዓመፅ በኋላ ከበሮን በሕግ ከልክላለች፤ በዚያ አህጉር የዚያ ዘመን ከበሮዎች እጅግ ብዙዎቹ ጠፍተዋል። የተሳሳተ መዝገብ ያለው የተጠበቀ ዕቃ ሊታረም ይችላል፤ የተቃጠለ ዕቃ ግን አይታረምም።

አባል፣ ከአትላንታ፦

እኛን የሚመለከተን በዚያው ሙዚየም ውስጥ ያሉት የመቅደላ ታቦታት ናቸው። ለምን ስለ እነርሱ አንነጋገርም?

የታሪክ መምህርት፦

ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ግን መቅደላ በ1868 በጦር የተዘረፈ ሲሆን ስሎን ከሞተ ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ የሆነ ነገር ነው። ሁለቱን ብናቀላቅል የሁለቱንም ማስረጃ እናዳክማለን፤ ስለ ታቦታቱ ራሱን የቻለ ርእስ እንክፈት።

ለዶክተሩ የምመልሰው ይህ ነው። መጠበቁ በጎ መሆኑን አልክድም፤ ከበሮው ለመታረም የበቃው ስለ ተጠበቀ ነው። ነገር ግን የጠበቀው ሰው ክብሩን ሙሉ በሙሉ ወስዶ፣ ቆዳውን የወጠረው ሰው ከመዝገብ እንኳ ተሳስቶ የሚቀርበት አደራደር ነበር። መቆሚያ ላይ የሚቀመጥ ሐውልት መረጃ አይሰጥም፤ ተመልካቹ እንዲያከብር ያዝዛል። በሣጥን ውስጥ ሲገባ ግን ስሎንም እንደ ሌላው ዕቃ የሚመረመርና የሚጠየቅ ይሆናል፤ ለሳይንስ ሰው ይህ ውርደት ነው ብዬ አላምንም።

ሐኪም፣ ከለንደን፦

በዚህ ነጥብ አንስማማም፤ የመሥራች ሐውልት ክብር የሚያዝዝ ብቻ ሳይሆን ቤቱ ከየት እንደ ጀመረ የሚያስታውስ ነው። በከበሮው በኩል ግን ከበሮ ሠሪው ያሉትን በሙሉ እቀበላለሁ። ሙዚየሙ ከከበሮው አጠገብ የተሳሳተውን የመዝገብ ገጽ አብሮ ቢያሳይና እርማቱን በእንጨቱ ምርመራ ቢያስረዳ እደግፋለሁ።

ከበሮ ሠሪ፣ ከጎንደር፦

ከተደረገ አይቀር ካስማውና አወጣጠሩ በሚገባ እንዲታይ ዕቃው ከጎን በኩል ብርሃን ይሰጠው፤ ሥራውን የሚያውቅ ሰው ሲያየው ያለ ጽሑፍም የሚረዳው ብዙ ነገር አለ።