ቱላምበን የሰመጠችውን «ሊበርቲ» ለማየት ኦፕን ዋተር ብቻ ይበቃል?

ሰማያዊ12፦
ሰላም ለሁላችሁ። በነሐሴ ወደ ባሊ ልሄድ ነው፤ ቱላምበን ላይ ያለችውን የሰመጠች መርከብ ማየት እፈልጋለሁ። ያለኝ የኦፕን ዋተር ፈቃድ ነው (እስከ 18 ሜትር የሚያስጠልቀው የመጀመሪያው ደረጃ)። 14 ጊዜ ጠልቄአለሁ፣ ሁሉም ከጀልባ። የለመድኩት የ12 ሊትር የብረት ሲሊንደር ሲሆን በ5 ሚሊ ልብስ 6 ኪሎ እርሳስ እታጠቃለሁ። ከ18 ሜትር ሳልወርድ የማየው ነገር አለ? ከዳር መግባቱስ ለምን ይከብዳል ይላሉ? በመጨረሻው ቀን ጠዋት ጠልቄ ማታውን ወደ አዲስ መብረርስ ይቻላል? እህታችሁን ምከሩኝ።

ጥቁር አሸዋ፦
እህቴ፣ ከመርከቧ ይልቅ ድንጋዩን ፍሪ።

ሊበርቲ ከዳር 30 እና 40 ሜትር ያህል ብቻ ርቃ በጎኗ ተጋድማለች። ላይኛው ጎኗ 5 ሜትር ገደማ ላይ ይገኛል፤ የታችኛው 30 ሜትር አካባቢ ጥቁሩ የእሳተ ገሞራ አሸዋ ላይ አርፏል። ርዝመቷ 120 ሜትር ገደማ ስለሆነ ከ18 ሳትወርጂ ሁለቴ ብትጠልቂም አትጨርሻትም። እንዲህ ቅርብ የሆነችው በአጋጣሚ ነው። ጥር 1942 (በፈረንጆቹ) ሎምቦክ ወሽመጥ አጠገብ በጃፓን ሰርጓጅ ቶርፔዶ ተመታች። ወደ ሲንጋራጃ ወደብ ሲጎትቷት ውኃ ስለበዛባት ቱላምበን ዳር ላይ ተዋት። እዚያው የብስ ላይ 21 ዓመት ቆየች። በ1963 የአጉንግ ተራራ ሲፈነዳ ወደ ባሕሩ ተንሸራታ ገባች።

አሁን ወደ ድንጋዩ። ከቡጢ እስከ ሰው ራስ የሚያህሉ፣ ማዕበል ያሟለጫቸው ክብ ድንጋዮች ናቸው፤ ስትረግጫቸው ይንከባለላሉ። ቡትሽ ወፍራም ሶል ይኑረው፤ ካልሲ የመሰለው ስሱ ቡት እዚህ አያዋጣም። ሲሊንደሩን የመንደሩ ሴቶች በራሳቸው ተሸክመው ዳር ያደርሱልሻል። አንቺ ውኃው ሳይነካሽ በፊት ማስኩን አጥልቂ፣ ሬጉሌተሩን (መተንፈሻውን) አፍሽ ውስጥ አድርጊ፣ ቢሲዲውን (አየር የሚሞላውን ጃኬት) ንፊ። ፊኖቹን (የእግር መቅዘፊያዎቹን) በእጅሽ ያዢ፤ የብስ ላይ አድርጎ የሚራመድ ሰው መውደቁ አይቀርም። ማዕበሉን ጥቂት ደቂቃ ቆመሽ ተመልከቺ፣ ትልልቆቹ ተከታትለው መጥተው ጋብ ይላል። ጋብ ሲል ከባዲሽ (አብሮሽ ከሚጠልቀው ሰው) ጋር ክንድ ለክንድ ተያይዛችሁ፣ እግር ሳታነሱ እየጎተታችሁ ግቡ። ውኃው ደረት ሲደርስ ፊን አድርጉና በጀርባ ቅዘፉ።

መውጣቱ ይብሳል፣ ደክመሻልና። ፊን የሚወለቀው ወገብ በሚደርስ ውኃ ላይ ነው። ሬጉሌተሩ ከአፍሽ የሚወጣው ደረቅ ድንጋይ ከረገጥሽ በኋላ ይሁን። ማዕበል ከጣለሽ ለመነሳት አትታገይ፣ በእጅና በጉልበትሽ ዳኺ። ሰው የሚጎዳው 14 ኪሎ የሚመዝን ሲሊንደር ጀርባው ላይ አዝሎ ቁርጭምጭሚቱ ሲዞር ነው።

አሉሚኒየም፦
ጥቁር አሸዋ ባለው ላይ፣ ስለ ክብደት። የድሮ 6 ኪሎሽን ይዘሽ አትግቢ። እዚያ በብዛት የሚሰጥሽ 11.1 ሊትር የአሉሚኒየም ሲሊንደር ነው። ሙሉ ሳለ በትንሹ ይሰምጣል፣ አየሩ ሲያልቅ ግን ወደ 2 ኪሎ ያህል ወደ ላይ ይጎትታል። የብረቱ እንዲህ አያደርግም። በዚያው 5 ሚሊ ልብስ ከ8 ኪሎ ጀምሪና ፈትሺ፦ ሙሉ ሲሊንደር ይዘሽ፣ ቢሲዲውን አራግፈሽ፣ መደበኛ ትንፋሽ እንደያዝሽ ውኃው ዓይንሽ ላይ ቢቆም፣ በዚያ ላይ 2 ኪሎ ጨምሪ። 150 ባር አየር ተንፍሰሽ ስትጨርሺ የሚቀልልሽ ያንኑ ያህል ነው።

ይህ ነገር ሊበርቲ ላይ በተለይ የሚያስከፍለው መጨረሻው ላይ ነው። ማቆሚያሽን (ከመውጣትሽ በፊት ለጥቂት ደቂቃ የምትቆዪበትን) የምታደርጊው እዚያው የመርከቧ ላይኛው ጎን ላይ፣ 5 ሜትር ገደማ ነው። እርሳስ ያነሰው ሰው ወደ ላይ ሲነጠቅ ያገኘውን ብረት ይጨብጣል። ብረቱ በኮራል ተሸፍኗል፤ በኮራሉ መሃል ደግሞ ድንጋይ የሚመስለው ጊንጥ ዓሣ ተኝቷል፣ የጀርባው እሾህ መርዛም ነው።

አየርሽን እንዲህ አስቢው። በደቂቃ 20 ሊትር የምትተነፍሺ ከሆነ 18 ሜትር ላይ ግፊቱ 2.8 ባር ስለሆነ 56 ሊትር ትጨርሻለሽ፤ በዚህ ሲሊንደር በደቂቃ 5 ባር ማለት ነው። በ20 ደቂቃ 100 ባር ሄደ። የማቆሚያ ግዴታ የሌለበት ጊዜ (ስትወጪ የግድ መቆም ሳያስፈልግሽ 18 ሜትር ላይ የምትቆዪበት) በሠንጠረዡ 56 ደቂቃ ቢሆንም አየርሽ ቀድሞ ያልቃል። 100 ባር ላይ ወደ ላይኛው ክፍል ተመለሺ፣ 50 ይዘሽ ውጪ።

በጎድኖቿ መካከል ማለፍ ይቻላል፣ ግን ከሁለቱም በኩል ሰማያዊ ብርሃን የሚታይበትን ብቻ። ኦክቶፐሱን (ትርፍ መተንፈሻውን) እና ጌጁን (የአየር መለኪያውን) ከደረትሽ ጋር እሰሪ፣ ተንጠልጥሎ ብረት የሚይዘው እሱ ነው። የሚወጣው አረፋ ጣሪያው ላይ ያለውን ዝገት ያረግፈዋል፤ ከፊትሽ የገባ ቡድን ካለ ቆይተሽ እለፊ።

ሰማያዊ12፦
እግዜር ይስጥልኝ። «ሊበርቲ ሺፕ» የሚባሉት የጦርነቱ መርከቦች አንዷ ናት አይደል? በረራውንስ ማንም አልመለሰልኝም።

ደገኛ፦
አይደለችም፣ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ስሟ ነው ሊበርቲ። የተሠራችው በ1918 ኒው ጀርሲ ውስጥ ነው፣ አንቺ ያልሻቸው መሠራት የጀመሩት በ1941።

በረራው ማታውን አይሆንም፤ ስትጠልቂ ሰውነትሽ ውስጥ የሟሟው ናይትሮጅን ግፊት ሲቀንስ አረፋ ሊሆን ይችላል። የዳን (የጠላቂዎች ደህንነት ድርጅት) ምክር አንድ ጊዜ ብቻ ለጠለቀ ቢያንስ 12 ሰዓት፣ ለብዙ ቀን ለጠለቀ ቢያንስ 18 ሰዓት መጠበቅ ነው። አዲስ አበባ ለሚወርድ ሰው እኔ ሙሉ 24 ሰዓት እላለሁ። ምክንያቱም ባሕር ጠረፍ ከተማ የሚያርፍ ሰው አውሮፕላኑ ሲወርድ ግፊቱ ተመልሶ ይጨምርለታል። ቦሌ ግን ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነ የአየሩ ግፊት አውሮፕላን ውስጥ ከነበረው እምብዛም አይለይም፤ ሰውነትሽ በዚያው ዝቅተኛ ግፊት ላይ ይቀጥላል። ከበረራ በኋላ መገጣጠሚያሽን ቢያምሽ፣ ቢደነዝዝሽ ወይም ቢያዞርሽ «ድካም ነው» ብለሽ አትተኚ፣ ሐኪም ቤት ሄደሽ መጥለቅሽን ንገሪ።

ሌላው የሚረሳው መንገዱ ነው። ከቱላምበን ወደ ኡቡድ ሾፌሩ በኪንታማኒ ልውሰድሽ ሊል ይችላል፣ እይታው ያምራል። ግን 1,500 ሜትር ገደማ ይወጣል፤ ጠልቀሽ በወጣሽበት ቀን ይህን ከፍታ መውጣት በራሱ እንደ መብረር ነው። በባሕር ዳርቻው መንገድ እንዲሄድ ከመነሳታችሁ በፊት ንገሪው።

ጥቁር አሸዋ፦
አንድ ነገር ረስቼ፦ ከደቡብ የሚመጡት የቀን ጎብኚዎች ከጠዋቱ 3 ሰዓት (በእኛ አቆጣጠር) ጀምሮ ቦታውን ያጨናንቁታል። ንጋት 12 ሰዓት ላይ ለመግባት ማታውን ተነጋግረሽ ሲሊንደርሽን አስመድቢ። በዚያ ሰዓት ግንባራቸው ያበጠው ትልልቅ ባምፕሄድ ዓሦች ካደሩበት ከመርከቧ ገና አልወጡም። ባትሪሽን ዓይናቸው ላይ አታብሪ፣ ይበታተናሉ።