ፕሬድኒሶሎን የሚወስድ ሰው ነጭ የደም ሕዋሱ ለምን ከፍ ይላል?

ጥያቄ፣ ከአራት ኪሎ፦
ታናሽ ወንድሜ አልሰሬቲቭ ኮላይቲስ የተባለው የትልቁ አንጀት ቁስለት እንዳለበት ታውቆ ፕሬድኒሶሎን የተባለው የስቴሮይድ መድኃኒት በቀን 40 ሚሊ ግራም ታዘዘለት። ደም የቀላቀለው ተቅማጥ ቀንሶለታል፣ መብላትም ጀምሯል። ይሁን እንጂ ፒያሳ ባደረገው የደም ምርመራ ነጭ የደም ሕዋሱ 13,500 ሆኖ፣ ከነጭ የደም ሕዋስ ዓይነቶች ኒውትሮፊሉ ከፍ፣ ሊምፎሳይቱ ደግሞ ዝቅ ብሎ ተገኘ። መድኃኒቱ የበሽታ መከላከያን የሚያዳክም ከሆነ ቁጥሩ እንዴት ሊጨምር ቻለ? ኢንፌክሽን ይዞት ይሆን? መድኃኒቱንስ ያቁም? እናታችን እጅግ ስለተጨነቁ የምታውቁ ብታስረዱን ውለታችሁ ትልቅ ነው።

መልስ፣ የላቦራቶሪ ባለሙያ፣ ካዛንቺስ፦
ጤና ይስጥልኝ። በደም ሥር ግድግዳ ላይ ተጣብቀው የሚቆዩት ኒውትሮፊሎች በስቴሮይድ ምክንያት ተላቅቀው ከሚዘዋወረው ደም ጋር ይቀላቀላሉ፤ ከመቅኔም ተጨማሪ ይለቀቃል፣ ዕድሜያቸውም ይረዝማል። ከደም ሥር ወጥተው ወደ ቆሰለው አንጀት መግባት ግን ስለሚያዳግታቸው አንጀቱ ፋታ ሲያገኝ በደም ውስጥ ያለው ቁጥር ይጨምራል። ሊምፎሳይቶች በተቃራኒው ወደ መቅኔና ወደ ሊምፍ አካላት ይሄዳሉ፣ ከፊሎቹም ይሞታሉ፤ ኢዮሲኖፊል የተባለው ሌላው ነጭ የደም ሕዋስም እንዲሁ ይቀንሳል። ስለዚህ የወንድምዎ ውጤት ከመድኃኒቱ ጋር የሚሄድ ነው። ይህን ቁጥር ብቻ አይቶ አንቲባዮቲክ መጀመር በየጊዜው የማየውና የሚያሳዝነኝ ነገር ነው። ያልበሰሉ ኒውትሮፊሎች በብዛት ከታዩ ግን ኢንፌክሽን መጠርጠር ስለሚገባ ደሙ በማይክሮስኮፕ እንዲታይ ይጠይቁ።

መልስ፣ የውስጥ ደዌ ሐኪም፦
ማብራሪያው ትክክል ነው። ስቴሮይድ በሕዋሱ ውስጥ ካለው ተቀባይ ጋር ተጣምሮ ወደ ኒውክሊየስ ይገባና ቲኤንኤፍንና ኢንተርሉኪን 6ን የመሳሰሉ ብግነት ቀስቃሽ ፕሮቲኖች በብዛት እንዳይመረቱ ያግዳል፤ ወንድምዎ የተሻለውም በዚህ ነው። ነገር ግን ይኸው ሥራው ትኩሳትንና የሆድ ሕመምን ሊደብቅ ስለሚችል ቁጥሩ አያስደንግጣችሁ ማለት አትዘናጉ ማለት አይደለም። በአገራችን የአሜባ ቁስለት ከኮላይቲስ ጋር፣ የአንጀት ቲቢም ክሮንስ ከተባለው ሌላ የአንጀት በሽታ ጋር ይመሳሰላሉ፤ ሁለቱንም ስቴሮይድ ያባብሳቸዋል። ስትሮንጂሎይድስ የተባለው የአንጀት ትልም በስቴሮይድ ምክንያት በመላ ሰውነት ተሰራጭቶ ለሞት ሊያደርስ ይችላል። የሰገራ ምርመራና የደረት ራጅ ተደርጎለት ነበር?

መልስ፣ ሕመሙ ያለባት፣ አምባሳደር አካባቢ፦
እህት ወይም ወንድሜ፣ በድንገት እንዳያቆም አደራ። ከ3 ሳምንት በላይ ሲወሰድ ከኩላሊት በላይ ያሉት ዕጢዎች ኮርቲሶል የተባለውን የሰውነት የራሱ ስቴሮይድ ሆርሞን ማምረት ስለሚቀንሱ ሐኪሙ መጠኑን ቀስ በቀስ ያወርደዋል። ጠዋት ከቁርስ ጋር ቢወስደው እንቅልፍ እንዳያሳጣው ይረዳል።

ጠያቂ፦
ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልን። ራጁ ተነሥቷል፤ የሰገራ ምርመራ ግን አልተደረገለትም።

መልስ፣ የውስጥ ደዌ ሐኪም፦
እንግዲያውስ ቀጠሮውን ሳይጠብቅ ነገውኑ ሐኪሙ ዘንድ ሄዶ ያስረዳ፣ መድኃኒቱንም እስከዚያው እንደታዘዘለት ይውሰድ። ትኩሳት፣ የሆድ መነፋት ወይም የደም ፈሳሽ መብዛት ካየበት ግን ሌሊትም ቢሆን ወደ ድንገተኛ ክፍል ውሰዱት።