የድሮ ካርታ ላይ የነበረው መንገድ የት ገባ?

ጥያቄ፦
ሰላም ናችሁ? የአንዲት የገጠር መንደር ሁለት ካርታዎች እጄ ገብተዋል። ሁለቱም 1፡50,000 ናቸው። በአሮጌው ቤቶቹ ወንዙ ዳር ተጠጋግተዋል። በአዲሱ ግማሾቹ አውራ መንገዱን ይዘው ተደርድረዋል። ወደ ወንዙ የሚወርደው የእግር መንገድ ደግሞ ጭራሽ የለም። ሰዉ ለቆ ሄደ ልበል ወይስ ካርታ ሠሪው ዘለለው?

መልስ፦
ወዳጄ፣ አትቸኩል። መጀመሪያ የካርታውን ጠርዝ አንብብ። የታተመበት ዓመትና ካርታው የተሠራበት የአየር ፎቶ የተነሳበት ዓመት ይለያያሉ። ዋናው ሁለተኛው ነው። ደግሞ በዚህ መለኪያ 1 ሴንቲሜትር ማለት 500 ሜትር ነው። ጥቁሯን ነጥብ ሁሉ አንድ ቤት ብለህ እንዳትቆጥር። የእግር መንገድማ ቦታ ሲጠብ መጀመሪያ የሚሰረዘው እሱ ነው።

ሌላ መልስ፦
የኮሮና ሳተላይት ፎቶዎችን ሞክር። አሜሪካ ከ1960 እስከ 1972 እ.ኤ.አ. ለስለላ ያነሳቻቸው ናቸው፤ በ1995 ምስጢርነታቸው ተነሳ። ጥሩዎቹ ላይ መንገድ ቁልጭ ብሎ ይታያል። የላንድሳት (ምድርን የሚያነሱ የአሜሪካ ሳተላይቶች) ፎቶም ከ1972 ጀምሮ አለ፣ በነፃ። ግን የመጀመሪያዎቹ 80 ሜትር ገደማን በአንድ ነጥብ ስለሚያሳዩ ለእርሻና ለደን እንጂ ለቤት አይሆኑም።

ጠያቂው፦
ተባረኩ! የአሮጌው ጠርዝ ተቀዷል እንጂ ዓመቱ ይነበባል። ሁለቱን ኪውጂአይኤስ በሚባለው የካርታ ሶፍትዌር ላነባብራቸው ነው። ለማገጣጠም ወንዙን መነሻ ላድርገው?

መልስ፦
ኧረ ተው! ወንዝ አቅጣጫ ይቀይራል። የቆየ ድልድይ ካለ እሱን ያዝ። ከሌለ ጠርዙ ላይ ያሉት፣ ቦታን የሚያመለክቱት የመስመር ቁጥሮች ይበቁሃል።