ስክሪፕቱ «ደብረ ብርሃን»ን ለሁለት ይቆርጥብኛል

ጥያቄ፣ ከደብረ ብርሃን፦
ሰላም ለሁላችሁ። አንድ ፎልደር ውስጥ አንኮበር.ሲኤስቪ፣ ሸዋ ሮቢት.ሲኤስቪ፣ ደብረ ሲና.ሲኤስቪ እና ደብረ ብርሃን.ሲኤስቪ አሉ። የየፋይሉን የመስመር ብዛት ለማውጣት በባሽ (የምንጽፍለትን ትእዛዝ በሚያስፈጽመው ሼል) የጻፍኩት ስክሪፕት ይኸው (ትእዛዞቹን በፊደላችን አስቀምጫቸዋለሁ፤ ኤልኤስ የፋይሎችን ስም ይዘረዝራል፣ ደብሊውሲ -ኤል መስመር ይቆጥራል፣ ኢኮ ያትማል)፦

ፎር ፋ ኢን $(ኤልኤስ); ዱ
  ብዛት=$(ደብሊውሲ -ኤል $ፋ)
  ኢኮ $ብዛት
ደን

አንኮበር ብቻ በትክክል ይወጣል። ለቀሩት «እንዲህ ያለ ፋይል የለም» ይለኛል፤ «ደብረ» ደግሞ ሁለቴ ይመጣል። ኤልኤስን ብቻውን ሳስኬደው ግን ስሞቹ ሙሉ ናቸው።

መልስ፣ ከመሐል ሜዳ፦
ኤልኤስ ምንም አላጠፋም፣ ወንድሜ፤ ቆራጩ ሼሉ ነው። $(…) ውስጡ ያለውን ትእዛዝ አስኪዶ ውጤቱን በቦታው ይተካል፤ ከጥቅስ ውጭ ከሆነ ያ ውጤት በስፔስ፣ በታብና በአዲስ መስመር ይበጣጠሳል፤ ስለዚህ «ደብረ» እና «ሲና.ሲኤስቪ» ለሉፑ (ለሚደጋግመው ፎር) ሁለት ፋይሎች ናቸው። "$(ኤልኤስ)" ብለህ በድርብ ጥቅስ ብታስረውም አይበጅህም፤ አራቱም ስም ተጣብቆ አንድ ይሆንና ሉፑ አንዴ ብቻ ይዞራል። ኤልኤስን ጨርሶ አውጣው፦

ፎር ፋ ኢን *.ሲኤስቪ; ዱ
  ብዛት=$(ደብሊውሲ -ኤል < "$ፋ")
  ኢኮ "$ፋ: $ብዛት"
ደን

ኮከቧ (*) በ.ሲኤስቪ የሚያልቁትን ፋይሎች ሁሉ ታመጣለች፤ የምታመጣው ስም አይቆረጥም፤ $ፋ ግን ያለ ጥቅስ ከተጠራ እንደገና ይቆረጣል። < ፋይሉን ለትእዛዙ ግብዓት ያደርገዋል፤ የገባው ቁጥሩ ያለ ፋይል ስም እንዲመጣ ነው።

መልስ፣ ከሸዋ ሮቢት፦
በ= ግራና ቀኝ ስፔስ እንዳታስገባ፤ ካስገባህ ሼሉ «ብዛት» የሚባል ትእዛዝ ፍለጋ ይሄዳል። ነጠላ ጥቅስ ውስጥ ደግሞ $(…) አይሠራም፣ እንዳለ ይታተማል። በ$(…) ፈንታ በድሮው ` የሚጽፉም አሉ፤ አንዱን በሌላው ውስጥ ስታስገባ \ እየደረደርክ ዓይንህ ይጠፋል፣ ተወው።

ጠያቂ፦
ተባረኩ፣ ሠርቷል። አንድ ነገር ቀረኝ፦ ፋይሉ ከሌለ የስህተቱ መልእክት ብዛት ውስጥ እንዲገባ ከ"$ፋ" ቀጥሎ 2>&1 ጨመርኩ (የስህተት መልእክትን ከመደበኛው ውጤት ጋር የሚልክ ነው)፤ አሁንም ስክሪን ላይ ነው የሚወጣው።

መልስ፣ ከመሐል ሜዳ፦
ቅደም ተከተሉ ነው። ሼሉ እነዚህን ከግራ ወደ ቀኝ ነው የሚፈጽማቸው፤ < "$ፋ" ላይ ፋይሉን አጥቶ ሲቆም 2>&1 ላይ ገና አልደረሰም። አስቀድመው፦

ብዛት=$(ደብሊውሲ -ኤል 2>&1 < "$ፋ")

እኔ ግን ቁጥርና ስህተት አንድ ቦታ ባይደባለቁ እመርጣለሁ፤ ኢፍ ብዛት=$(…); ዜን ብለህ መሳካቱን ጠይቅ። ፈንክሽን (ስም የተሰጠው የትእዛዞች ስብስብ) ውስጥ ከሆነ ሎካል ብዛት (ብዛትን የፈንክሽኑ ብቻ የሚያደርገው) በራሱ መስመር ይሁን። ሎካል ብዛት=$(…) ብለህ ባንድ መስመር ከጻፍከው፣ ውስጥ ያለው ትእዛዝ ቢወድቅም የሚመለስልህ የሎካል 0 (ተሳክቷል ማለት) ነው።

መልስ፣ ከሸዋ ሮቢት፦
ሌላ ካስቸገረህ ስክሪፕቱን በባሽ -ኤክስ (እያንዳንዱን ትእዛዝ ሲፈጽም በሚያሳየው) አስኪደው። በ$(…) ውስጥ ያለው ትእዛዝ በ++ ጀምሮ ይታያል፤ ስሙ የት ላይ እንደተቆረጠ እዚያው ታየዋለህ።