ለሦስት ሳምንት ሚሲዮን ኬንያ ልሄድ ነው፤ ግን ውስጤ ደርቋል። ልሂድ ወይስ ልቅር?

የከዚራ ጥላ (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ። ድሬዳዋ ነው የምኖረው፣ ነርስ ነኝ። ቤተ ክርስቲያናችን ከጥምቀት በኋላ ስድስት ሰው ወደ ሰሜን ኬንያ፣ ማርሳቢት አካባቢ፣ ለሦስት ሳምንት ትልካለች። የጋበዘችን እዚያው ያለች አንዲት አጥቢያ ናት። ከስድስቱ አንዷ እኔ ነኝ። የመረጡኝ ነርስ ስለሆንኩና ኦሮምኛ ስለምችል ይመስለኛል፤ የምናገለግለው ኦሮምኛ በሚናገሩት ቦረናና ገብራ መሃል ነው።

ችግሬ ምን መሰላችሁ፣ ከዓመት ወዲህ ጸሎቴ ደርቋል። ከአዳር ተረኝነት ወጥቼ መጽሐፍ ቅዱሴን እከፍታለሁ፣ ሁለት ቁጥር ሳልገፋ እንቅልፍ ይዞኝ ይሄዳል። እሁድ መዘምራን መሃል ቆሜ አፌ ይዘምራል፣ ልቤ ግን የለም። እንዲህ ሆኜ ለሰው ምን ልሰጥ ነው? ለሽማግሌዎቹ ልነግራቸው ሁለት ጊዜ በራቸው ድረስ ሄጄ ተመልሻለሁ።

እናቴ ደግሞ ሌላ ነገር አነሳችብኝ። «ደቻቱ ወንዝ ማዶ ያሉትን ሴትዮ ባላቸው ከሞቱ ወዲህ አንድ ቀን ጠይቀሻቸዋል? ድንበር ተሻግረሽ ማንን ልታጽናኚ ነው?» አለችኝ። መልስ አጣሁ። አልጠየቅኳቸውማ።

የሄዳችሁ ካላችሁ እውነቱን ንገሩኝ። ሦስት ሳምንት ለእነርሱም ለእኔም ይጠቅማል? መቅረት የሚሻል ከሆነም አትደብቁኝ።

ሳቢያን ሰፈር

አቦ እህቴ፣ መጀመሪያ ለሽማግሌዎቹ ንገሪ። ሦስተኛ ጊዜ በር ላይ እንዳትመለሺ። ሚሲዮን ላይ ሰውን የሚጥለው ድርቀቱ አይደለም፣ ደብቆ መሄዱ ነው፤ እዚያ በሙቀቱና በድካሙ መሃል ሁሉም ሰው የያዘው ነገር ይወጣል፣ ያኔ የሚያውቅልሽ ሰው ከጎንሽ መኖር አለበት።

እኔ ከድርቁ ማግስት እዚያው አካባቢ ሄጃለሁ። ከ2020 መጨረሻ እስከ 2023 መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) አምስት የዝናብ ወቅት ተከታትሎ ቀርቶባቸው ከብቱም ግመሉም አልቆ ነበር። እኔ ደግሞ ሦስት ስብከት ጽፌ፣ አሳምሬ፣ ይዤ ሄድኩ። ያረፍኩበት ቤት እናት ገና ሳይነጋ ጀሪካን ይዘው ወደ ውሃ ይወርዳሉ። በሁለተኛው ቀን አብሬያቸው ወረድኩ። ስንመለስ አንዱን ጀሪካን ተሸክሜ መንገድ ላይ ሦስቴ አረፍኩ፣ እሳቸው ግን ሁለት ይዘው ቆመው ጠበቁኝ። ቤት ስንደርስ ወተት ሰጡኝ። የወተቱን ዕቃ በጭስ ነው የሚያጥኑት፣ ስትጠጪው ጭስ ጭስ ይልሻል። የመጀመሪያ ቀን ታግዬ ነው የጨረስኩት። በአራተኛው ቀን እኔው ነኝ የጠየቅኳቸው።

ከዚያ በኋላ ነው ማውራት የጀመርነው። የእኛ የሐረርጌ ኦሮምኛና የእነርሱ አንዳንድ ቦታ ላይ አይገናኝም፣ ብዙ ተሳስቻለሁ፣ ግን ያግባባል። ሰላምታቸው ረጅም ነው፤ «ነጋ፣ ነጋ» (ሰላም፣ ሰላም) እየተባባሉ ስለ ሰዉ፣ ስለ ከብቱ፣ ስለ ዝናቡ ይጠያየቃሉ። አትቸኩይበት። እኔ መጀመሪያ ላይ ቶሎ ወደ «ቁም ነገሩ» ልግባ እል ነበር፣ ለካ ቁም ነገሩ እሱ ነው።

አንድ ማታ ጸሎት ላይ ነበርን። እኒያ እናት ተራ ሲደርሳቸው ስለ ድሬዳዋ ዝናብ ጸለዩ። ድሬ ሙቀት እንደሆነች ቀን ላይ ነግሬያቸው ስለነበር ነው። በረታቸው ባዶ ነው፣ እሳቸው ግን ለእኔ አገር ዝናብ ይለምናሉ። አንገቴን ደፍቼ አለቀስኩ። ከሦስቱ ስብከት አንዱን ብቻ ሰበክሁ፣ እሱንም አሳጥሬ።

ስለ ድርቀትሽ ደግሞ ሐዋርያት ሥራ 13ን አንብቢ። ዮሐንስ ማርቆስ ጴርጌን ላይ ቡድኑን ትቶ ወደ ኢየሩሳሌም ተመልሷል። ግን ሁለተኛ ጢሞቴዎስ መጨረሻ ላይ ያው ጳውሎስ ነው ለአገልግሎት ይጠቅመኛልና ማርቆስን ይዘኸው ና የሚለው። ይሄ ለእኔ ትልቅ ነገር ነው።

ለገሀር

እኔ ከወንድሜ እለያለሁ። ቅሪ። አንቺን ለመጉዳት አይደለም፣ ጉዳዩ ስለሚያሳስበኝ ነው።

የስድስት ሰው ትራንስፖርት፣ ምግብና ማረፊያ ሲደመር፣ ቦረና መሃል ተወልዶ ያደገ አንድ ወንጌላዊን ለረጅም ጊዜ ሊደግፍ ይችላል። እሱ ቋንቋ አይማርም፣ አውቶቡስ አያደክመውም፣ በሦስተኛው ሳምንት አይመለስም። የራሳችንን ታሪክ እንይ። የስዊድን ሚሲዮናውያን በ1866 እ.ኤ.አ. ምጽዋ የገቡት ወደ ኦሮሞ አገር ለመድረስ አስበው ነው፣ ግን መንገዱ ለብዙ ዓመት ተዘጋባቸው። በ1899 ታትሞ የወጣውን የኦሮምኛ መጽሐፍ ቅዱስ ያዘጋጁት ኦሮሞዎቹ ኦነሲሞስ ነሲብና አስቴር ጋኖ ናቸው። ነቀምት ደርሶ ያስተማረውም ራሱ ኦነሲሞስ ነው፣ በ1904። ወላይታንም ተመልከቱ፤ ጣሊያኖች የውጭ ሚሲዮናውያንን ሲያስወጡ አማኙ መቶ እንኳ አልሞላም ነበር፣ ከጦርነቱ በኋላ ሲመለሱ በሺዎች ቆጠሩ። ወንጌሉን የያዘው የአገሩ ሰው ነው።

ሳቢያን ሰፈር

ለገሀር ወንድሜ፣ እውነትህን ነው፣ ግን ኦነሲሞስ ባሪያ ሆኖ ተሽጦ ነጻ ከወጣ በኋላ ፊደል ያስቆጠሩት እነማን ናቸው? ምጽዋ አጠገብ ምንኩሉ የነበሩት ስዊድኖች አይደሉም? የአገሩን ሰው ማገዝና መሄድ አይጣሉም። የጋበዘችው አጥቢያ ገንዘቡን ትመርጥ እንደሆነ ግን ጠይቋት። እሷ ትወስን። እኛ ድሬ ተቀምጠን መወሰን የለብንም።

የደደር ልጅ

ሐረር ነው የምኖረው፣ ያደግኩት ደደር ነው። ደደር ሜኖናይት ሚሲዮን ሆስፒታልና ትምህርት ቤት የከፈተባት ከተማ ናት፤ የዛሬዋ መሠረተ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን ከዚያ ሚሲዮን ሥራ ነው የወጣችው። ስለዚህ እኔ የማወራው ከተቀባዩ ወገን ሆኜ ነው።

አያቴ ከፈረንጆቹ ነርሶች አንዷን እስክትሞት ታነሳት ነበር። ስሟን ረስታዋለች። ምን እንደሰበከችም አትነግረንም። የምትነግረን ልጅ ሞቶባት ለቅሶ ስትቀመጥ ያቺ ነርስ መጥታ ከሴቶቹ ጋር መሬት ላይ ተቀምጣ እንደዋለች ነው። ኦሮምኛዋ ገና ነበር፣ ስለዚህ ብዙም አላወራችም። ማታ ሴቶቹ ሲነሱ አብራ ተነሳች። በማግሥቱ ተመልሳ መጣች። አያቴ እዚህ ላይ ስትደርስ ሁልጊዜ ዝም ትላለች፣ ነጠላዋን ታስተካክልና ወሬ ትቀይራለች። እኛ ቤት ወንጌል በዚያ በር ነው የገባው።

እኔ በልጅነቴ ያየኋቸው ሌሎች እንግዶችም ነበሩ፣ ለጥቂት ቀን መጥተው የሚሄዱ። አንዱ ጫማ እልክልሃለሁ አለኝ። ስንት ወር ከትምህርት ቤት ስመለስ መጣልኝ ወይ ብዬ እናቴን ጠየቅኳት። ክፉ ሰው አልነበረም፣ ሲናገር ከልቡ ነበር። ስለዚህ እህቴ፣ ተመልሼ እመጣለሁ፣ እልክላችኋለሁ የሚል ቃል እንዳይወጣሽ። ልጆችን ፎቶ አታንሺ፣ የታመመ ሰው ደግሞ ጭራሽ። ቤት ጠርተው ካቀረቡልሽ ብዪ። ቡናውን ከነገለባው በቅቤ ጠብሰው ያቀርቡልሻል፣ ቡና ቀላ ይሉታል፤ ለእንግዳ ክብር ነውና አትግፊው።

እናትሽ ግን ትክክል ናቸው። ደቻቱ ማዶ ላሉት ሴትዮ የማትቀመጪውን መቀመጥ ማርሳቢት ላይ ከየት ታመጪዋለሽ? ይሄን ስልሽ እንድትቀሪ አይደለም። ከአሁን እስከ ጥር ጊዜ አለሽ።

ሸዋ በር

እኔም የጤና ባለሙያ ነኝ፣ ሌላው ስለተባለ ስለ ሥራው ብቻ ልጻፍ። የኢትዮጵያ የሙያ ፈቃድሽ ኬንያ ላይ አይሠራም። የዚያ አገር ፈቃድ ሳይኖርሽ መርፌ መውጋት፣ መድኃኒት ማደል አይቻልም፣ ሰዉ ቢለምንሽ እንኳ። አጥቢያዋ ካለው ጤና ጣቢያ ጋር ቀድማ ትነጋገር፣ አንቺም የእነርሱ ነርስ በምታዝሽ ቦታ ግቢ። እናቶችን ስለ እጅ መታጠብ፣ ስለ ተቅማጥ፣ ኦአርኤስ (ተቅማጥ የያዘው ሰው የሚጠጣውን ዱቄት) ስለ መበጥበጥ ማስተማር ብዙ ነው፣ በኦሮምኛ ከሆነ ደግሞ ወርቅ ነው።

ለአንቺ ደግሞ የቢጫ ወባ ክትባት ያስፈልግሻል፣ ቢጫዋን ካርድ ድንበር ላይ ይጠይቁሻል። ከጉዞው ቢያንስ 10 ቀን አስቀድመሽ ተወጊ፣ ካርዱ የሚሠራው ከዚያ በኋላ ነው። አንዴ ከተወጋሽ ለዕድሜ ልክ ነው። ለወባ አጎበርና መከላከያ መድኃኒት ያዢ። ጋቢም እንዳትረሺ፤ የማርሳቢት ከተማ ተራራ ላይ ናት፣ ዙሪያው በረሃ ቢሆንም ሌሊት ይበርዳል፣ የድሬ ሰው ደግሞ ብርድ አይችልም።

የከዚራ ጥላ (ጠያቂ)

ሁላችሁም ተባረኩ። ለገሀር፣ ያንተንም ሳልዘል አንብቤዋለሁ፤ የገንዘቡን ጥያቄ ለቡድኑ አቅርቤ አጥቢያዋን ሊጠይቁ ተስማምተዋል። እንዳትመጡ ገንዘቡን ላኩ ካሉን እንልካለን።

ትናንት ከሥራ ወጥቼ ወደ ሽማግሌው ቤት ሄድኩ። ገባሁ። ደርቄአለሁ አልኳቸው። አልገሠጹኝም፣ እሳቸውም እንደኔ የሆኑበትን ዘመን ነገሩኝ፣ ከዚያ ብዙ ሳናወራ ጸለይን። እስከ ጉዞው ድረስ በየሳምንቱ ሐሙስ እንገናኛለን።

ዛሬ ደግሞ ከእናቴ ጋር ደቻቱን ተሻግረን ሴትዮዋ ቤት ሄድን። ያሰብኩትን ሁሉ ረሳሁት። የባላቸው ኮት እስካሁን በሩ ጀርባ እንደተሰቀለ ነው። ቡና አፈሉ፣ ሦስቱንም ጠጣን፣ ስለ ልጆቻቸው አወሩልን፣ እኔ አዳመጥኩ። ልንወጣ ስንል እጄን ይዘው ቅዳሜ ትመጫለሽ አይደል አሉኝ። እመጣለሁ አልኳቸው፣ ይሄን ቃል ግን እጠብቀዋለሁ።

ሳቢያን ሰፈር፣ የእኒያን እናት ስም በውስጥ መስመር ላክልኝ። እናቴ ልጸልይላቸው ብላለች።