የፊገር ስኬቲንግ ጋላ፦ መቼ ይጨበጨባል? ስጦታስ ይወረወራል?

ሦስተኛ_ረድፍ

ሰላም ለሁላችሁ። የፊገር ስኬቲንግ (በበረዶ ላይ በሙዚቃ የሚቀርብ የመንሸራተት ስፖርት) ውድድሩ ካለቀ በኋላ ስኬተሮቹ ያለ ነጥብ ለሚያቀርቡት ትርኢት፣ ለጋላው፣ ትኬት ቆርጫለሁ፤ ቦታዬ በሜዳው ረጅም ጎን ሦስተኛው ረድፍ ነው። አንድ እቅፍ አበባና ሁለት የጨርቅ አሻንጉሊት ይዤ ልገባ ነው። ጋላ ላይ ዳኛ ስለሌለ እንደ ልብ መጮህና ማጨብጨብ ይቻላል? በሙዚቃው ምት ማጨብጨብ ነውር ነው የሚሉ አሉ፣ ስኬተሮቹ ራሳቸው ይወዱታል የሚሉም አሉ። ስጦታው መቼና እንዴት ነው የሚወረወረው? ስልክ አውጥቶ መቅረጽስ? እህታችሁ ነኝ፣ በዝርዝር ንገሩኝ።

የስለት_ጠርዝ

እህቴ፣ ሰው የሚጎዳው በስጦታው ስለሆነ ከእሱ ልጀምር።

መጀመሪያ የአዘጋጁን ደንብ እዪ። ከኮሮና ወረርሽኝ ወዲህ ወደ በረዶው ምንም ነገር እንዳይወረወር የከለከሉ ውድድሮች አሉ፤ በምትኩ የስጦታ መቀበያ ሳጥን ያስቀምጣሉ። ሳጥን ካለ የስኬተሩን ስም በጉልህ ጽፈሽ እዚያ አስቀምጪ፣ በቃ።

መወርወር ከተፈቀደ ግን ጋላ ከውድድር የበለጠ ጥንቃቄ ይፈልጋል። በውድድር ጊዜ ሜዳው ወለል ብሎ በርቷል፤ ልጆች ተሯሩጠው ይለቅማሉ፣ የተረሳ ነገር ቢኖር ይታያል። ጋላ ላይ መብራቱ ይጠፋና ቀጣዩ ስኬተር በጨለማ ገብቶ ቦታውን ይይዛል። አንዲት የጽጌረዳ ቅጠል በረዶው ላይ ወድቃ ከቆየች ትጣበቃለች። የስኬተሩ ጫማ ሥር ያለው ስለት ውፍረቱ 4 ሚሊሜትር ገደማ ነው። በፍጥነት እየሄደ እንዲህ ያለ ነገር ሲያገኘው ስለቱ ይያዛል፤ እግር ወደኋላ ይቀራል፣ ሰውነት ወደፊት ይሄዳል። በውድድር ከልብስ ላይ ጌጥ ወይም ላባ በረዶው ላይ ቢወድቅ 1 ነጥብ የሚቀነሰውም በዚሁ ምክንያት ነው።

ስለዚህ አበባው ከላይም ከታችም በፕላስቲክ ተሸፍኖ አፉ በፕላስተር ይታሸግ። አበባ ሻጮች አናቱን ክፍት ትተው ነው የሚጠቀልሉት፤ ይህ አይሆንም፣ ሲያርፍ ቅጠሉ ይረግፋል። ሪባኑንም ፍቺው። አሻንጉሊቱን በግልጽ ፕላስቲክ ከረጢት ከትተሽ አየሩን ጨምቀሽ አስወጪ፤ አየር የያዘ ከረጢት ሩቅ አይሄድም፣ ፊትሽ የተቀመጠው ሰው ጭንቅላት ላይ ያርፋል። ደብዳቤም ካለሽ እዚያው ከረጢት ውስጥ ይግባ። ምግብ፣ ብርጭቆ፣ ጠንካራ ሳጥን በፍጹም አይወረወርም።

የምትወረውሪው ስኬተሩ እጅ መንሳት ሲጀምርና መብራት ሲኖር ነው፤ ክንድሽን ከታች ወደ ላይ አወዛውዘሽ፣ ከአጥሩ ብዙ ሳይርቅ፣ እሱ ከቆመበት ራቅ አድርገሽ። መብራቱ መደብዘዝ ከጀመረ አትወርውሪ።

በ2018 የፒዮንግቻንግ ኦሎምፒክ ለጃፓናዊው ስኬተር ዩዙሩ ሀንዩ የዘነበውን ቢጫ የድብ አሻንጉሊት ብዙዎቻችሁ ታስታውሳላችሁ። ደስ የሚል ትዕይንት ነው፤ ግን ያን ሁሉ የሚለቅም ብዙ ሕፃን ያስፈልጋል፣ እስኪለቀም ድረስ ደግሞ ቀጣዩ ስኬተር ጡንቻው እየቀዘቀዘ ይጠብቃል።

ጸጥ_በዝላይ

ስለ ጭብጨባው እኔ ልመልስ። የምት ጭብጨባ ችግሩ የድምፅ ፍጥነት ነው። ሜዳው 60 በ30 ሜትር ነው፤ ድምፅ 60 ሜትር ለማቋረጥ ከሰከንድ አንድ ስድስተኛ በላይ ይፈጅበታል። በደቂቃ 120 ምት ባለው ሙዚቃ በአንዱና በሚቀጥለው ምት መካከል ግማሽ ሰከንድ ነው ያለው፤ ስለዚህ ከወዲያኛው ጫፍ የሚመጣው ጭብጨባ የምቱን ሲሶ ያህል ዘግይቶ ይደርሳል። በዚያ ላይ ሕዝብ አብሮ ሲያጨበጭብ ሳያውቀው ይፈጥናል። መሀል ላይ ያለው ስኬተር ሙዚቃውን አንድ ቦታ፣ ጭብጨባውን ሌላ ቦታ ይሰማል። ለዝላይ ሲዘጋጅ ይህ ከሆነ ጊዜው ይዛባበታል፤ ሦስትና አራት ዙር የሚሾርበት አየር ላይ ያለው ጊዜ አንድ ሰከንድ እንኳ አይሞላም።

ስለዚህ በምት አታጨብጭቢ። ዝላዩ ካረፈ በኋላ፣ ሽክርክሪቱ ሲያምር፣ መጨረሻ ላይ የፈለግሽውን ያህል አጨብጭቢ።

የስለት_ጠርዝ

በዚህ አልስማማም፤ ነገሩ ለውድድር ልክ ነው፣ ለጋላ ግን ይከብዳል። ጋላ ላይ ስኬተሩ ራሱ እጁን ከራሱ በላይ እያጨበጨበ ሕዝቡን ሲጋብዝ ዝም ማለት እሱን ማሳፈር ነው። የሚበጀው፣ ፈጣን ዘፈን ሆኖ ስኬተሩ ሲጋብዝ አብሮ ማጨብጨብ፣ ለዝላይ መንደርደር ሲጀምር ደግሞ ማቆም ነው። ዝግ ያለ ዘፈን ላይ ግን ከ«ጸጥ_በዝላይ» ጋር ነኝ፤ ለስላሳ በረዶ ላይ ስለቱ ሲቆርጥ የሚሰማው ድምፅ ከጭብጨባ በላይ ያስደስታል።

ሦስተኛ_ረድፍ

ዝላይ ሊመጣ መሆኑን እንዴት ነው የማውቀው?

ጸጥ_በዝላይ

አብዛኛውን ጊዜ ወደኋላ እየተንሸራተተ ረጅም መንገድ ይይዛል፣ የእግር ሥራው ይቀንሳል፣ ክንዶቹ ረጋ ይላሉ። ወደፊት እያየ የሚነሳው አክሰል የሚባለው ዝላይ ብቻ ነው። ወደኋላ የሚገለበጠው ባክፍሊፕ ደግሞ ሁለት ጉልበት በአንድነት ጎንበስ ሲል ይታወቃል፤ እሱ እስከ 2024 ድረስ በውድድር የተከለከለ ስለነበር ጋላ ነበር ቤቱ። እግሩ በረዶውን እስኪነካ አፍሽን ያዢ፣ ከዚያ በኋላ እንደ ልብሽ ጩኺ።

ቢወድቅ «ውይ!» ብሎ ማራዘሙ ለእሱ ይሰማል። ተንቀሳቃሽ የመድረክ መብራት ፊት ላይ እያበራ፣ ዙሪያው ጨልሞ መዝለል በጣም ከባድ ነው፤ አጥሩን እንኳ በደንብ አያየውም። ተነስቶ መሄድ ሲጀምር አጨብጭቢለት።

ካሜራ_በጉልበት

ቀረጻውን በተመለከተ፣ አዳራሹ መቅረጽ ከፈቀደ ፍላሽ ይጥፋ፤ «ራሱ ይወስን» የሚለው ላይ አትተይው፣ ጨለማ ስለሆነ ራሱ ያበራዋል። ካሜራ ላይ ደግሞ ለማነጣጠር የምትበራዋ ትንሽ ብርቱካናማ መብራት አለች፤ ሰው ይረሳታል፣ እሷንም አጥፊ። ስልኩ ጨለማውን አይቶ ስኬተሩን ነጭ ጥላ አድርጎ ያወጣዋል፤ ስክሪኑ ላይ ስኬተሩን ነክተሽ ያዢ፣ ሲቆለፍ ብርሃኑን ወደ ታች ጎትቺ። የስክሪኑን ድምቀትም ቀንሺው፣ ከኋላሽ ያለው ሰው ሌላ ምንም አይታየውም።

የስልክ መብራት ማወዛወዝ አስተዋዋቂው ሲጠይቅ ብቻ ነው።

የስለት_ጠርዝ

ሁለት ነገር ረስቼ ነበር። አዳራሹ ቀዝቃዛ ነው፣ ጓንት ትለብሺያለሽ፤ በሱፍ ጓንት የሚጨበጨብ ጭብጨባ ግን በረዶው ድረስ አይሰማም። ጣቱ ክፍት የሆነ ይሁን።

ሌላው፣ ሜዳልያ ያገኙት ተጨማሪ ቁራጭ ሲያቀርቡ ሙዚቃው እንደጀመረ ጭብጨባሽን ቶሎ አቋርጪ፤ የመጀመሪያዋን ምት ካልሰሙ አጀማመራቸው ይበላሻል። መዝጊያው ላይ ሁሉም ተያይዘው አጥሩን ሲዞሩ ወደ ፊት ሄደሽ እጅ ለመንካት ከቻልሽ መዳፍሽን ዘርግተሽ ብቻ አቅርቢ፣ ጣቶችሽን አትጨብጪ። በሩጫ ላይ ያለን ሰው እጅ መያዝ ማለት መጣል ነው። ቀለበትና ሰዓት ካለሽ በሌላው እጅ አድርጊው።